የሰሚሃ ጠለፋ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሰሚሃ ኑርዬ አህመዴ
ዕድሜ፦ 26
ጾታ፦ ሴት
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባች
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ
ሥራ፦ በኢንተርኔትና ቴሌኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ
የተጠርጣሪው ስም፦ ዋለ ውበቱ
የተጠረጠረበት ጉዳይ፦ የጠለፋ ሙከራ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ሰርካለም ዋሴ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለ እኔ ያላወራ ሰው የለም። ሽማግሌ ተቀምጦብኛል፣ ዱዓ ተደርጎልኛል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየገባ አይቶኛል። እኔን ግን ‹‹ምን ሆነሽ ነው?›› ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ጠዋት ዋና ሳጅን ሰርካለም ወንበር ስበው ‹‹እስቲ አንቺው ንገሪኝ›› ሲሉኝ ያለቀስኩት የደረሰብኝ ነገር አስፈርቶኝ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ይህም በግልጽ ይጻፍ። መዝገቡ ላይ ‹‹ተጠላፊ›› ተብዬ መጻፌን ስላየሁ፣ ካልተሰረዘ አንድ ቃል አልናገርም ብዬ፣ ተሰርዞ ‹‹ምስክር›› ከተባለ በኋላ ነው መናገር የጀመርኩት።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመጨረስ ላይ እገኛለሁ። ተጠርጣሪ የተባለው ዋለ ውበቱ የክፍል ጓደኛዬ ሲሆን የውጫሌ ልጅ ነው። አማካሪ መምህራችን አንድ ናቸው፤ የመመረቂያ ጥናታችንንም የምንሠራው በአንድ ቦታ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ቦታው ስልክ ለመደወል ሰው ተራ ይዞ ጉብታ ላይ የሚወጣበት ቦታ ነው። እዚያ ባለችው ጤና ኬላ የምትሠራው ሕይወት የምትባል ሴት፣ አንዲት እናት ምጥ ሲጠናባት አምቡላንስ የምትጠራው ታማሚዋን ትታ ወደ ጉብታው እየሮጠች ነው። ዋለ የሚያጠናው ከሐይቅ ከተማ በላይ ካለው ኮረብታ እስከ ጤና ኬላዋ ድረስ በአንቴና ኢንተርኔት ማድረስ ይቻላል ወይ የሚለውን ነው። አድርሶታል፣ ይሠራል። እኔ የማጠናው ደግሞ በዚያ መስመር የሚያልፈውን መልእክት መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ነገ በዚያ መስመር የሚያልፈው የእናቶች ምርመራ ነው። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ደም ውስጥ ምን እንደተገኘ ነው። ጎረቤት የማያውቀውን ገመና መስመሩ ለመንገደኛ ሁሉ እንዳይዘረግፈው ብዬ ነው አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋልኩት።

መልእክትን መንገድ ላይ መያዝ በሙያችን ጠለፋ ይባላል። ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ‹‹የመረጃ ጠላፊዎች›› እያለ ነው የሚያወራው፤ ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም። አማካሪያችን ሁለታችንን የሚለዩን በሥራችን ነው። የእሱን ‹‹የዋለ አንቴና››፣ የእኔን ‹‹የሰሚሃ ጠለፋ›› ይሉታል። የሰሚሃ ጠለፋ ማለት ሰሚሃ የምትጠልፈው ማለት ነው፤ ሰሚሃ የምትጠለፍበት ማለት አይደለም። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ አነጋገር ስለሰጠ ዋለ ክንዱ ተሰብሮ እስር ቤት ይገኛል። ለሙከራው የተጠቀምነው ስልክ የዋለ የራሱ ስልክ ነው። የጤና ኬላዋ ስልክም ሆነ የማንም ታማሚ መረጃ አልተነካም። እሱ ፈቅዶ የሚልከውን እኔ መንገድ ላይ እይዛለሁ፣ ሥራው ይኸው ነው። እንግዲህ በትክክል ይጻፍ ከተባለ ጠላፊዋ እኔ ነኝ፤ ተጠላፊው ዋለ ነው።

ሀምዳን ዑበይዱላህ የተባለው ግለሰብ በሐይቅ ከተማ ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን ነጋዴ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ‹‹ትምህርቴን ልጨርስ፤ ስጨርስም መልሴ ያው ነው፣ አልፈልግም›› ብዬ መልሻለሁ። ሽማግሌዎቹ የመልሴን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይዘውለት ሄዱ። እሱም ‹‹ስትጨርስ›› እያለ ለሰው ያወራ ጀመር። በዚህ በግንቦት ወር መጀመሪያ ለአንቴናው ገመድ ልገዛ ሱቁ ስገባ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ መስሎኝ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። መልእክት እንዴት መንገድ ላይ እንደሚያዝ፣ ለምን ጠለፋ እንደሚባል ሁሉ ነገርኩት። እሱም ‹‹እንግዲያ አንቺ ጠላፊ ነሽ በይኛ! የከተማው ወንድ በሩን ይዝጋ!›› ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንግዲህ ሀምዳን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሚለኝ ካለ ይህን ያንብብ። ሰውየው የተቆለፈ ስልክ ሲከፍት የሚውል ነው፤ እኔ ሳላስተምረውም ጠለፋን ያውቃታል።

ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን ዋለ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ሲመጣ መንገድ ላይ ለአማካሪያችን ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠበት ጮክ ብሎ ነበር የሚያወራው። ያለውን እሱም ነግሮኛል፤ ከኋላው ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ዑምኩልሱምም ለከተማው ሁሉ ነግረዋል፤ ሁለቱ አይጋጩም። ያለው እንዲህ ነው፦ ‹‹የሰሚሃ ጠለፋ ዓርብ ነው። ሰው ሁሉ ጁምዓ ሲገባ መስመሩ ነጻ ይሆናል። ትንሽ ናት፤ በአንዴ ካልያዝናት ታመልጣለች። አይ፣ ሰው አንጨምርም፤ እኔ ታች ሆኜ እጠብቃለሁ።››

ትንሽ ናት ያለው መልእክቷን ነው። አጭር መልእክት ብልጭ ብላ ነው የምታልፈው። ትንሽን ነገር በሴት መጥራት ዋለ ያመጣው ነገር አይደለም፤ ማንኪያዋ፣ ጎጆዋ፣ ብዕሯ ስንል ማንም ዱላ ይዞ አይነሳም። መስመሩ ነጻ ይሆናል ማለቱም፣ በጁምዓ ሰዓት የከተማው ሰው ስልኩን ስለሚዘጋ መጨናነቁ ስለሚቀንስ ነው። ሰው አንጨምርም ያለው አማካሪያችን ‹‹ረዳት ልላክላችሁ ወይ?›› ስላሉት ነው። አንዲት ቃል ጠማማ ሆና ብትገኝ ሌሎቹ ሁሉ ተከትለዋት ጠመሙ።

እትዬ ዑምኩልሱም ክፉ ሰው አይደሉም። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። የገዛ እህታቸው በልጅነቷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ተጠልፋ መቅረቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ ጆሯቸው ውስጥ የኮምፒውተር ቃል ሆኖ ሊገባ አይችልም ነበር። በእሳቸው ላይ ቂም የለኝም። ከሚኒባሱ እንደወረዱ በቀጥታ አጎቴ ዘይኑልአቢዲን አህመዴ ዘንድ ሄደው ‹‹ያ ዘይኑ፣ ልጅህን ሊወስዱብህ ነው፤ ወላሂ በጆሮዬ ሰማሁ›› አሉት። አጎቴ፣ አባቴ ኑርዬ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝና ያስተማረኝ ሰው ነው፤ አባ እያልኩ ነው የምጠራው።

አጎቴ ስልክ ደውሎልኛል፤ ስልኬ አልሠራለትም። ከረቡዕ ጀምሮ አርዲቦ ሕይወት ዘንድ ነበርኩ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ መሆኑን ለማሳየት ነው እኮ ጥናቱ! ነገር ግን ከሐይቅ አርዲቦ ባጃጅ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሐሙስ ሙሉ ቀን ነበረው። መጥቶ ወይም ሰው ልኮ ‹‹ሰሚ፣ ይህ ልጅ ምን እያለ ነው?›› ቢለኝ ስቄ እነግረው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ስለ ስልክ ነገር የሚያውቅ ነው ብሎ ወደ ሀምዳን ሱቅ ሄደ። ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› እያለ ያሳደገኝ ሰው፣ በእኔ ጊዜ ነገሩን ከጫፉ ያዘው። ሱቅ ውስጥ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አልመሰክርም።

ዓርብ ግንቦት 15 ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ከጤና ኬላዋ ራቅ ብሎ፣ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ባለ ድንጋይ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። ዋለ ታች ጤና ኬላዋ ውስጥ ከሕይወት ጋር ነበር። ለብቻዬ ነበርኩ፤ ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አላሰረኝም። ዋለ መልእክቷን ላከ። እኔም ያዝኳት። ስክሪኑ ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተደርድረው ‹‹ቶሎ ጨርሺ፣ ርቦኛል›› የሚል አነበብኩ። ‹‹ያዝኳት!›› ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ ደስታዬ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። እኔ የዋለን ረሃብ በቀላሉ ካነበብኩ፣ ማንም ሰው እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የእናቶችን ምርመራ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። መስመሩ ሳይስተካከል ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያደርገው ማስረጃ ያ ነበር። ያ ብቻ ነበር ማስረጃው።

ወዲያው የባጃጅና የሞተር ድምፅ ሰማሁ። አጎቴ ዱላ ይዞ፣ ከኋላው የሰፈራችን ወንዶች፣ ሀምዳን በሞተር ሆኖ መጡ። ሙስሊሞቹ ጁምዓን ትተው ነው የመጡት፤ አጎቴ ጁምዓ ሲያልፈው አይቼ አላውቅም። ‹‹የት አለ? የት ነው ያለው?›› አለኝ። እኔ የዋለ ቤተሰብ ላይ አንድ ነገር ደርሶ ሊያረዱት የመጡ መሰለኝ። ‹‹ታች ጤና ኬላ ነው፤ እየጠበቀኝ ነው›› አልኩ። እየጠበቀኝ ነው ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። አጎቴ ትከሻዬን ጨብጦ ‹‹አብሽሪ ልጄ፣ ደርሰንልሻል›› አለኝ። ከምን ብዬ ስጠይቅ ሮጦ ወርዷል።

ሀምዳን ከእነሱ ጋር አልሄደም፤ ከእኔ ዘንድ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ፤ መልእክቷን ድምፅ አውጥቶ አነበባት፤ ሳቀም። ‹‹ሀምዳን፣ አንተ ታውቃለህ፣ ንገራቸው!›› ብዬ ለመንኩት። ላፕቶፑን አነሳ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የለካሁትን ሁሉ የያዘው ሌላው ቅጂ ከጎኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ የዋለ መስመር ለሙከራ የሚበቃ እንጂ ያን ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመላክ አቅም አልነበረውም። ቦርሳውንም አነሳ። እጁን ይዤ ታግዬዋለሁ፤ የግራ ክርኔ ላይ ያለው ቁስል ከዚያ የመጣ ነው፤ ዋለ አልነካኝም። ሁለቱንም ወደ ውሃው ወረወራቸው። ከዚያ ልብሱን አራግፎ ‹‹ሰሚሃ፣ እንግዲህ ጨረስሽ አይደል?›› አለኝ። የመመረቂያ ጥናቴን የማቀርበው በሰኔ ወር ነው። ‹‹ጨረስሽ›› ያለኝን ቃል በሕይወቴ አልረሳውም።

ወደ ጤና ኬላዋ ስሮጥ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሕይወት በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ‹‹ይሄ የጤና ቤት ነው! እዚህ ሰው ይታከማል እንጂ አይመታም!›› እያለች ነበር። ገፍተዋት ገቡ። ዋለን ጎትተው ወደ ውጭ አወጡት። ዋለ አጎቴን ያውቀዋል፤ ቤታችን መጥቶ ምሳ በልቷል። ‹‹ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግኩ?›› አለው። አጎቴ ‹‹ጠለፋ ነው ወይስ አይደለም? አንዱን በል!›› አለው። ዋለ ውሸት አይችልበትም። ‹‹አዎ፣ ጠለፋ ነው፣ ግን›› አለ። ‹‹ግን›› የሚለውን የሰማለት የለም። አጎቴ በዱላው መታው። ዋለ ራሱን ለመከላከል ያነሳው ክንዱ ሲሰበር ድምፁን እኔም ሰምቻለሁ፣ ሕይወትም ሰምታለች። አንድ ነገር ግን ሳልመሰክር አላልፍም፤ ያ ሁሉ ሰው በንዴት ሲጮህ የልጁን ሃይማኖት ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው የተሳሳተው።

ማን እንደጠራቸው ባላውቅም ፖሊሶች ደርሰው ዋለን ከሰው እጅ አስጥለው ወሰዱት። ባይደርሱ ይገድሉት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ሆኖም እኔ መኪናው ፊት ቆሜ ‹‹ጠላፊዋ እኔ ነኝ! እሱን ልቀቁት፣ እኔን እሰሩኝ!›› እያልኩ ጮኼአለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ሴቶች ግን ግራና ቀኝ ያዙኝ። ‹‹ደንግጣ ነው››፣ ‹‹ልጅቷን ነክቷታል››፣ ‹‹ያ ረቢ፣ ቀልቧን መልስላት›› አሉ። አንዷ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨች። እውነቱን ጮክ ባልኩ ቁጥር የባሰብኝ ተባለ። መጨረሻ ላይ ድምፄ ሲዘጋ ‹‹አልሐምዱሊላህ፣ ተረጋጋች›› አሉ።

ቤት ወስደው አስተኙኝ። ስልኬን ‹‹እንዳትረበሺ›› ብለው ወሰዱብኝ። በዚያ ስልክ ላይ ስለ ጠለፋው ከዋለና ከአማካሪያችን ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ አለ፤ አንድ ሰው ቢከፍተው ነገሩ ግልጽ ይሆን ነበር። ማንም አልከፈተውም። እትዬ ዑምኩልሱም መጥተው እጄን ይዘው ‹‹አብሽሪ እናቴ፣ እኔ እያለሁ አይወስዱሽም›› እያሉ አለቀሱ። እኔ ለእሳቸው ነገሩን ላስረዳቸው ስሞክር ‹‹እሺ፣ እሺ›› እያሉ ግንባሬን ይዳስሱ ነበር።

እሑድ ግንቦት 17 ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። የተባለው፣ የዋለ ቤተሰብ ከውጫሌ መጥቶ እግር ይውደቅ፣ ልጁም ሁለተኛ ሐይቅን አይርገጥ የሚል ነበር። ከዚያ ሀምዳን ተነስቶ ተናገረ። ‹‹እንግዲህ ስሟ በጠለፋ ተነስቷል፤ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም። እኔ ግን የዘይኑልአቢዲንን ቤት ስለማከብር እሸፍናታለሁ። ትምህርት የሚሉት ነገር ይቅርና ኒካሑ ከአረፋ በኋላ ይሁን›› አለ። ሽማግሌዎቹ ሀምዳንን መረቁት። እሳቱን የለኮሰው ሰው አመድ ጠራጊ ሆኖ ሲመረቅ በጆሮዬ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ‹‹እኔ አልተጠለፍኩም። ሀምዳን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጠይቁት›› አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ ብለው ‹‹ልጄ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል›› አሉኝ። ‹‹እንግዲያው ወንዱ ምን እንደሚያውቅ ይናገራ!›› ብዬ መለስኩ። ሀምዳን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ‹‹አሁንም አልተሻላትም›› አላቸው። አጎቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔን ያስቆጣኝ ከሀምዳን ውሸት ይልቅ የእሱ ዝምታ ነው። ሀምዳን ጠላቴ ነው፣ ጠላት ያደረገውን አደረገ። አባ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ፈተና ስቀመጥ ደጁ ላይ ሲጠብቀኝ የዋለ ሰው ነው። ያለፍኩ ጊዜ ‹‹ልጄ የአየሩን ነገር ልትማር ነው›› እያለ ለሰው ሁሉ የነገረ ሰው ነው። ምን እንደምማር ስነግረው ሁልጊዜ ይሰማኝ ነበር። ምን እንደሰማ አሁን እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ዋለ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ከውጭ ሲያወሩ ሰምቼ፣ ተነስቼ ለብሼ ወጣሁ። አጎቴ ደጅ ላይ ነበር፤ አላስቆመኝም። ከኋላ ከኋላዬ ተከትሎኝ መጥቶ አሁን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አብሮኝ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ ላይ አልተነጋገርንም።

ስለዚህ ዋለ ውበቱ እኔን አልጠለፈኝም፣ ሊጠልፈኝም አላሰበም፣ በእኔ ላይ የሠራው አንድም ጥፋት የለም። በእሱ ላይ ክስ የለኝም፤ በስሜ የቀረበ ክስ ካለ የእኔ አይደለም። ክስ ያለኝ በሀምዳን ዑበይዱላህ ላይ ነው። ነገሩ ውሸት መሆኑን እያወቀ ሰው አስነስቷል፣ ንብረቴን ሐይቅ ውስጥ ጥሏል፣ ዓመት የለፋሁበትን አጥፍቷል። ማወቁን የሰማ ሌላ ምስክር አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ሱቅ ውስጥ ሳስረዳው ሁለታችን ብቻ እንደነበርን፣ አፋፉ ላይም ሁለታችን ብቻ እንደነበርን ተናግሬአለሁ። ይህ ደካማ ማስረጃ መሆኑን ዋና ሳጅኗ ነግረውኛል። እኔም አውቀዋለሁ።

በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ከአፌ የወጣ ነው፤ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፣ ያላወቅሁትን አልጨመርኩም። በንዴት መናገሬን አልክድም፤ በንዴት የተናገርኩት ግን ሁሉ እውነት ነው። ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሰሚሃ ኑርዬ

ተጨማሪ በቃል ተቀባይ የተመዘገበ፦

ከላይ ያለው ቃል ለምስክሯ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የምርመራ ክፍሉ በር ክፍት ነበር። ውጭ ተቀምጠው የነበሩት አቶ ዘይኑልአቢዲን አህመዴ፣ ዕድሜ 61፣ ገብተው ‹‹እኔም ልፈርም›› ብለዋል። ምስክሯ ለአካለ መጠን የደረሰች ስለሆነች የአሳዳጊ ፊርማ እንደማያስፈልግ ሲነገራቸው ‹‹አሳዳጊ ሆኜ አይደለም›› ብለው፣ የሚናገሩት በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ከተገለጸላቸው በኋላ በፈቃዳቸው የሚከተለውን አስመዝግበዋል፦

‹‹ሐሙስ ጠዋት ሀምዳን ሱቅ ሄጄ ዑምኩልሱም የሰማችውን ነገርኩት። ‘ልጄ ስለዚህ ጠለፋ ስለሚሉት ነገር የሆነ ጊዜ ነግራኛለች፣ ትምህርቷ መሰለኝ፤ አርዲቦ ወርጄ ልጠይቃት’ አልኩት። ሀምዳን ‘እሱማ የስልክ ጠለፋ ነው፣ ሌላ ነው፤ እኔም ነግራኛለች። ይሄኛው የሴት ጠለፋ ነው። ሴት ልጅ ይህን አትጠየቅም፣ ታፍራለች። ዓርብ እጅ ከፍንጅ እንይዘዋለን’ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውን እሰጣለሁ። ልጄን ትቼ እሱን አመንኩ። ሽማግሌ ፊት ስትናገር እውነቷን እንደሆነ ገባኝ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። የልጁን ክንድ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ይውጣ፣ በእሱ ቦታ እኔን አስገቡኝ።››

ፊርማ፦ ዘይኑልአቢዲን አህመዴ

አቶ ዘይኑልአቢዲን ከፈረሙ በኋላ ወደ ምስክሯ ዞረው ‹‹አውፍ በይኝ ልጄ›› ብለዋት፣ ምስክሯ ‹‹መጀመሪያ ዋለን ይቅርታ ጠይቀው›› ብላለች። በጥያቄያቸው መሠረት ተጠርጣሪው ወዳለበት ክፍል አብሬአቸው ሄጃለሁ።

ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ሰርካለም ዋሴ፣ ፊርማ